ጥይትን በእጅ ስለ መሙላትና ክፍሎቹን ስለ መምረጥ

በአሜሪካ፣ በፊንላንድ፣ በስዊድንና በጀርመን አገር የሚኖሩ ብዙ አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች የተኮሱትን ጥይት ቀለህ ሰብስበው እንደ ገና የመሙላት ልማድ አላቸው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት አራት ክፍሎች፣ ማለት ቀለህ፣ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር፣ እያንዳንዳቸው በየሣጥናቸው ለብቻ ስለሚሸጡ ነገሩ ራሱን የቻለ አንድ የንግድ ዘርፍ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ጥይት የሚሞላበትን የእጅ ሥራ ደረጃ በደረጃ አይደለም፤ የዕቃዎቹን ጠባይ፣ የሚለዩበትን ምልክትና ነጋዴው በሣጥንና በኢንቮይስ ላይ የሚያነበውን ስምና ቍጥር ትርጕም ነው።

በአገራችን የጦር መሣሪያና ጥይት ያለ ፈቃድ ማስገባትና መነገድ የተከለከለ መሆኑ፣ ጉዳዩም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 የሚመራ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ማንንም ወደዚህ ንግድ ለመገፋፋት የቀረበ አይደለም። ነገር ግን በስም መመሳሰል፣ በመለኪያ መለያየትና በአንዲት ፊደል መጕደል ምክንያት የሚደርሰው ጉዳት ከዚህ ዕቃ ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ሌላ ሸቀጥ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለ ሆነም ማናቸውንም ዕቃ ከውጭ ለሚያስመጣና ለሚሸጥ ነጋዴ ትምህርት ይሆናል ብለን እናምናለን።

ጥይትና ገበያ ለአገራችን ነጋዴ ጨርሰው እንግዳ አይደሉም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋራ በገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ውጅግራ የተባለው በ1874 የወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ ሲሆን፣ ስሙም «ፊዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ነው። አሞሌው በዓይን ታይቶ፣ ብሩም በእጅ ተመዝኖ ሊታወቅ ይችላል፤ የጥይቱ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከውጭ የሚታየው ቀለሁና አረሩ ሲሆኑ፣ ዋጋ የሚሰጡት ባሩድና የካፕሱሉ ቅመም በውስጥ ተሸሽገው ይገኛሉ። ይህ ጠባይ ዛሬም አልተለወጠም። በዚህ ንግድ ገዢው የሚያምነው ዓይኑን ሳይሆን በሣጥኑ ላይ የተጻፈውንና ሣጥኑን የሸጠለትን ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ከአዋጁ ቍጥር በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ጥይት በእጅ የሚሞላበት ምክንያት

ምክንያቱ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ወጪን መቀነስ ነው። ከአራቱ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከፍ የሚለው ቀለሁ ነው፤ ከተተኮሰ በኋላም ሳይጠፋ የሚቀረው እርሱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ቀለህ ደጋግሞ የሚሞላ ሰው የሚገዛው ሦስቱን ክፍሎች ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ትክክለኛነትን መፈለግ ነው። እያንዳንዱ ጠመንጃ የየራሱ ጠባይ ስላለው፣ የዒላማ ተኳሽ ለጠመንጃው የሚስማማውን አረርና ባሩድ እየፈተነ ይመርጣል። ሦስተኛው ፋብሪካዎች ጥይታቸውን መሥራት ያቆሙላቸውን አሮጌ መሣሪያዎች በሥራ ላይ ለማቆየት ነው።

ይህ ልማድ ወደ ሰፊ ንግድ የተለወጠው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በአሜሪካ የካንሳስ ነዋሪ የነበረው ብሩስ ሆጅደን ከጦርነቱ የተረፈውን የመንግሥት ባሩድ በብዛት ገዝቶ በተኳሾች መጽሔት ላይ ማስታወቂያ በማውጣት በችርቻሮ መሸጥ ጀመረ። ከሸጣቸውም ባሩዶች አንዱ ለ20 ሚሊሜትር መድፍ የተሠራ ነበረ። ለጦር ሠራዊት ትርፍ የሆነው ዕቃ ለአዳኙ ርካሽ ሸቀጥ ሆነለት፤ የሆጅደንም ስም እስከ ዛሬ በባሩድ ጣሳ ላይ ይነበባል። በዚያው ዘመን ጆይስ ሆርናዲ በ1949 በኔብራስካ አረር መሥራት ጀመረ። በአውሮፓ ደግሞ በ1902 የተመሠረተው የስዊድኑ ኖርማ፣ በ1922 የተመሠረተው የፊንላንዱ የቪህታቩኦሪ የባሩድ ፋብሪካ፣ በ1923 ሥራ የጀመረው ላፑዋ ስመ ጥር ናቸው።

ስለ ቀለህ

ቀለህ የሚሠራው 70 እጅ መዳብና 30 እጅ ዚንክ ካለበት ናስ ነው። ይህ ናስ በተኩስ ጊዜ ተለጥጦ የጠመንጃውን ማጕረሻ ይደፍናል፤ ወዲያውም ጥቂት ተኰማትሮ በቀላሉ ይወጣል። እንደ ገና ለመሞላት የሚያስችለውም ይህ መለጠጡና መመለሱ ነው። ሆኖም በተሞላ ቍጥር ናሱ እየደረቀ ይሄዳልና አንገቱ የተሰነጠቀ ወይም ከታች በኩል የሳሳ ቀለህ ተመርጦ መጣል አለበት።

ለነጋዴው ዋናው ቁም ነገር ቀለሁ በምን ዓይነት ካፕሱል እንዲሠራ እንደ ተዘጋጀ ማወቅ ነው። በ1866 ሁለት ሰዎች በየበኩላቸው ሁለት ዓይነት ዘዴ አወጡ። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ኤድዋርድ ቦክሰር ያወጣው ካፕሱል መስፉን፣ ማለት ቅመሙ ተደግፎ የሚመታበትን ትንሽ ብረት፣ በራሱ ውስጥ የያዘ ነው፤ የቀለሁም ቀዳዳ በመካከል አንድ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ሃይራም በርዳን ያወጣው ግን መስፉ በቀለሁ ላይ አብሮ የተሠራ ሆኖ ቀዳዳዎቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው። የሚያስገርመው ነገር የእንግሊዛዊው ዘዴ በአሜሪካ፣ የአሜሪካዊው ዘዴ ደግሞ በአውሮፓና በብዙ የጦር ሠራዊት ጥይቶች ላይ መስፋፋቱ ነው። የቦክሰር ቀለህ ያረጀው ካፕሱል በቀጭን መርፌ ከውስጥ ተገፍቶ ስለሚወጣ ለመሙላት ይመቻል፤ የበርዳኑ ግን በዚያ መንገድ አይወጣም። በውጭ አገር ገበያ ርካሽ የሆነ የወታደር ቀለህ በሺሕ የሚቈጠር ገዝቶ፣ በኋላ የበርዳን ሆኖ ሲያገኘው ደንበኛ የሚያጣ ነጋዴ የከሰረው በዋጋው ሳይሆን አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ባለ መጠየቁ ነው።

ስለ ካፕሱል

ካፕሱል በመርፌ ሲመታ ተቀጣጥሎ ባሩዱን የሚለኩሰው ክፍል ነው። ለመሙያ የሚሸጠው የቦክሰር ካፕሱል በሁለት ስፋት ይመደባል፤ ትንሹ 4.45 ሚሊሜትር፣ ትልቁ 5.33 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም ስፋቶች የሽጉጥና የጠመንጃ ተብለው እንደ ገና ይከፈላሉ። ትንሹ የሽጉጥ ካፕሱልና ትንሹ የጠመንጃ ካፕሱል ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ይሁን እንጂ የሽጉጡ ቆብ የሳሳ ነው። በጠመንጃ ግፊት ውስጥ ቢገባ ሊበሳና እሳቱን ወደ ተኳሹ ፊት ሊመልስ ይችላል። በትልቁ ስፋት ደግሞ የጠመንጃው ካፕሱል ከሽጉጡ በቁመት ይበልጣል። ስለዚህ በማዘዣ ደብዳቤ ላይ «ትልቅ ካፕሱል» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የሽጉጥ ወይም የጠመንጃ መሆኑ አብሮ መጻፍ አለበት።

በአሮጌ የወታደር ጥይት ላይ አንድ ሌላ ነገር ይታያል። የድሮው የካፕሱል ቅመም ፖታሲየም ክሎሬት የነበረበት ስለ ሆነ፣ ከተተኮሰ በኋላ በአፈሙዙ ውስጥ ጨው ይቀራል። ይህም ጨው ከአየር ርጥበት እየሳበ ብረቱን በጥቂት ቀን ያዝገዋል። አር ቨ ኤስ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በ1928 ሲኖክሲድ የተባለውን ዝገት የማያመጣ ቅመም ካወጣ ወዲህ የንግድ ጥይት ቀስ በቀስ በዚሁ ዓይነት ተተክቷል። ይሁን እንጂ ከድሮ መጋዘን የወጣ ርካሽ ጥይት የሚሸጥ ባለሱቅ፣ ጠመንጃው ከተኩስ በኋላ ጨው በሚያሟሟ ውሃ ታጥቦ መወልወል እንደሚያስፈልገው ለገዢው ሳይነግር ቢሸጥ ደንበኛውን ያጣል።

ስለ ባሩድ

ድሮ በአገራችንም ከጨው ጴጥሮስ፣ ከድኝና ከከሰል ተደባልቆ ይሠራ የነበረው ጥቍር ባሩድ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1884 ጢስ የሌለውን ባሩድ ከሠራ በኋላ ግን የጠመንጃ ነገር ሁሉ ተለወጠ። አዲሱ ባሩድ በክብደቱ ልክ የሚሰጠው ኀይል ከጥቍሩ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ለጥቍር ባሩድ በተሠራ አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ ያንኑ ልክ ጢስ የሌለው ባሩድ ማድረግ ጠመንጃውን መስበር፣ ያዡንም መጕዳት ነው።

ጢስ የሌላቸው ባሩዶች ዋና ልዩነታቸው የአቃጠላቸው ፍጥነት ነው። የሽጉጥ አፈሙዝ አጭር፣ ቀለሁም ትንሽ በመሆኑ ፈጥኖ የሚነድድ ባሩድ ያስፈልገዋል። ከባድ አረር በረጅም አፈሙዝ ለሚገፋ ጠመንጃ ደግሞ ዝግ ብሎ የሚነድድ ይመረጣል። ፈጣኑን ባሩድ በዝግተኛው ልክ ሰፍሮ በጠመንጃ ቀለህ መሙላት ግፊቱ በአንድ ጊዜ እንዲነሣና መሣሪያው እንዲፈነዳ ያደርጋል። በሽጉጥ ጥይት ላይ ያለው አደጋ በሌላ መንገድ ይመጣል፤ የሚያስፈልገው ባሩድ ጥቂት ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ የቀለሁን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሠራተኛው ሐሳቡ ተበትኖ ሁለት ጊዜ ቢሰፍርበት ቀለሁ ሞልቶ ስለማይፈስ ስሕተቱ በቀላሉ አይታወቅም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የቸኮለ ሰው ያፈሰሰውን ለመልቀም ጊዜ አያገኝም።

በስም መመሳሰል የሚመጣው ችግር ከሁሉ ይልቅ በባሩድ ላይ ይታያል። ቀደም ብለን የጠቀስነው የ20 ሚሊሜትር መድፍ ባሩድ ኤች 4831 ተብሎ ይሸጣል። በ1970ዎቹ ደግሞ አይ ኤም አር 4831 የተባለ ሌላ ባሩድ ወጣ። ቍጥሩ አንድ ቢሆንም አይ ኤም አር የተባለው ከኤች ይልቅ ፈጥኖ ይነድዳል። ስለዚህ ለአንዱ የተጻፈው ልክ ለሌላው አይሆንም። ከ2003 ወዲህ ሁለቱንም የሚሸጠው አንድ ድርጅት መሆኑ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይበልጥ ሊያሳስት ይችላል። «4831 ላክልኝ» ብሎ የሚያዝ ባለሱቅና ከፊቱ ያገኘውን 4831 አንሥቶ የሚልክ አከፋፋይ ሁለቱም ባለማወቅ የአንድን ሰው ዓይን አደጋ ላይ ይጥላሉ።

ስለ አረር

አረር ብዙውን ጊዜ ከእርሳስ ብቻ የተሠራ ወይም እርሳሱ በመዳብና በዚንክ ቅልቅል የተለበጠ ይሆናል። ያልተለበጠው ፍጥነቱ ዝቅ ላለ ጥይት ይመቻል፤ በፈጣን ጠመንጃ ግን እርሳሱ በአፈሙዙ ውስጥ ይቀራል። አረር የሚመረጠው በስፋቱ፣ በክብደቱና በቅርጹ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ስፋቱ ነው፤ እዚህ ላይ የጥይቱ ስምና የአረሩ ልክ ብዙ ጊዜ እንደማይገናኙ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ያህል 7.62 የሚባለው የኔቶ ጠመንጃ አረር በእውነቱ 7.82 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ስሙ የተወሰደው ከአፈሙዙ ውስጣዊ ጥበት ነው። የጀርመኑ 9 ሚሊሜትር ሉገር አረር ስፋቱ 9.01 ሲሆን፣ 9 ሚሊሜትር እየተባለ የሚጠራው የሩሲያው ማካሮቭ አረር ግን 9.27 ነው። «38 ስፔሻል» የሚባለው የአሜሪካ ሽጉጥ አረር ደግሞ የኢንች 0.38 ሳይሆን 0.357 ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን 8 ሚሊሜትር ማውዘር ነው። በ1888 የወጣው የመጀመሪያው ጥይት አረር ስፋቱ 8.08 ሚሊሜትር ያህል ነበረ። በ1905 የጀርመን ሠራዊት የተቀበለው አዲሱ አረር ግን 8.20 ያህል ሆነ። ቀለሁ በዓይን ሲያዩት አንድ ነው፤ በንግድ ስሙ ላይ ሁለቱን የሚለየው መጨረሻ ላይ የሚጻፈው «ኤስ» የሚል አንድ ፊደል ነው። ሰፊውን አረር ለጠባቡ አፈሙዝ መተኰስ ግፊቱን ከልክ በላይ ያወጣዋል። ያችን አንዲት ፊደል በኢንቮይሱ ላይ የዘለለ ጸሐፊ ያጠፋው የቀለም ጠብታ ነው፤ የሚከተለው ጥፋት ግን የቀለም አይደለም።

ስለ መለኪያ

የአሜሪካና የእንግሊዝ ነጋዴዎች አረርንም ባሩድንም የሚመዝኑት በግሬን ነው። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ሲሆን፣ አንድ ግራም 15.43 ግሬን ይሆናል። በዚህ ሒሳብ 150 ግሬን የሚመዝን አረር 9.72 ግራም ነው። ሁለቱ መለኪያዎች በላቲን ፊደል ሲያጥሩ ስለሚመሳሰሉ፣ አንዱን በሌላው ቦታ ያነበበ ሰው ከ15 እጥፍ በላይ ይሳሳታል። ስለዚህ በዝርዝር ላይ መለኪያው ሳይታጠር በሙሉ ስሙ ቢጻፍ መልካም ነው።

ክፍሎቹን አዛምዶ ስለ መምረጥ

አራቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ጥሩ ቢሆኑም አብረው ካልተስማሙ ጥይቱ ጥሩ አይሆንም። ለዚህም መሠረቱ የግፊት ወሰን ነው። በአውሮፓ በ1914 በቤልጅክ የተቋቋመው ሲ አይ ፒ የሚባለው ማኅበር፣ በአሜሪካም በ1926 የተቋቋመው ሳሚ የተባለው የፋብሪካዎች ማኅበር የእያንዳንዱን ጥይት ልክና ከፍተኛ ግፊት ወስነው ያወጣሉ። በሲ አይ ፒ ወሰን መሠረት የ38 ስፔሻል ግፊት 1,500 ባር፣ የ9 ሚሊሜትር ሉገር 2,350 ባር፣ የ357 ማግነም 3,000 ባር፣ የ308 ዊንቸስተር ጠመንጃ ደግሞ 4,150 ባር ነው። 38 ስፔሻልና 357 ማግነም አንድ ዓይነት አረር ሲጠቀሙ የአንዱ ግፊት የሌላው እጥፍ መሆኑን ልብ ይሏል። የማግነሙ ቀለህ ከ3 ሚሊሜትር በላይ እንዲረዝም የተደረገውም በደካማው ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ ታስቦ ነው።

የባሩድና የአረር ፋብሪካዎች የሚያሳትሙት የልክ መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ቀለህ፣ አረርና ባሩድ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ልክ ይነግራል። አስተዋይ ሰው ከዝቅተኛው ይጀምራል፤ ከአራቱ አንዱ ክፍል ሲለወጥም ከመጀመሪያው ይነሣል። በሠለጠነው ገበያ ባሩድ የሚሸጥ ጥሩ ባለሱቅ መጽሐፉንም አብሮ ይሸጣል፤ ለየትኛው መሣሪያ እንደሚፈለግም ሳይጠይቅ ጣሳውን ከመደርደሪያ አያወርድም።

ስለ ማጓጓዝና ስለ ማከማቸት

አራቱ ክፍሎች በአንድ ማዘዣ ቢታዘዙም በመንገድ ላይ አንድ ጭነት አይደሉም። ባዶ ቀለህና አረር እንደ ተራ ብረታ ብረት ሊጫኑ ይችላሉ። ካፕሱል በተባበሩት መንግሥታት ቍጥር 0044 የሚመዘገብ ሲሆን፣ ጢስ የሌለው ባሩድ እንደ ዓይነቱና እንደ አስተሻሸጉ 0161 ወይም 0509 በሚል ቍጥር የሚመዘገብ ፈንጂ ነው፤ ባሩድ በመንገደኞች አውሮፕላን አይጫንም። የተዘጋጀ ጥይት ቍጥሩ 0012 ነው። በጉምሩክ ታሪፍም ቢሆን ጥይትና ክፍሎቹ በ93.06፣ ባሩድ በ36.01፣ ካፕሱል በ36.03 ይመደባሉ። ይህን ሁሉ «የጥይት ዕቃ» ብሎ በአንድ መሥመር የጻፈ ላኪ ጭነቱ በወደብ ቢያዝበት ሊያማርር አይገባውም።

በመጋዘን ውስጥ ባሩድ በመጣበት ጣሳ፣ በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፤ ወደ ሌላ ዕቃ አይገለበጥም፣ ከሌላም አይደባለቅም። ሙቀት ባሩዱን ያበላሸዋል። የጎመዘዘ የአሲድ ሽታ ያለው ወይም ቀላ ያለ ጢስ የሚያወጣ ባሩድ በራሱ ሊነድድ ስለሚችል በባለሙያ እጅ መወገድ አለበት። ቀለህም ቢሆን ጠላት አለው። በሕንድ አገር የነበረው የእንግሊዝ ሠራዊት በዝናሙ ወራት በፈረስ ጋጣ አጠገብ ያከማቸው ጥይት ሳይነካ እየተሰነጠቀ ይገኝ ነበር። በ1921 የታተመ ጥናት እንዳስረዳው ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞንያ በናሱ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ የናስ ዕቃ ከማዳበሪያና አሞንያ ካለበት የጽዳት መድኀኒት ጋራ በአንድ ክፍል አይከማችም፤ ይህም ለጥይት ብቻ ሳይሆን ለቧንቧ መክፈቻና ለናስ ጌጣጌጥ ነጋዴም የሚጠቅም ምክር ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል። በብዙ ሸቀጥ ላይ የስም ስሕተት የሚያመጣው ጉዳት ዕቃ መመለስና ጥቂት ገንዘብ ማጣት ነው። በዚህ ሸቀጥ ላይ ግን ኤችን ከአይ ኤም አር፣ የሽጉጡን ካፕሱል ከጠመንጃው፣ ግሬንን ከግራም ያልለየ ሰው የሚያጠፋው የደንበኛውን እጅና ዓይን ነው። ሙሉ ስም ጽፎ ማዘዝ፣ የመጣውን ከማዘዣው ጋራ ፊደል በፊደል ማመሳከር፣ ምልክቱ የጠፋ ጣሳ አለመሸጥና የሚገዛውን ሰው ለምን እንደሚፈልገው መጠየቅ ለነጋዴው ብዙ ድካም አይደለም። መድኀኒት፣ የሰብል ኬሚካልና የመኪና መለዋወጫ የሚነግዱ ወገኖችም ይህንኑ ደንብ ቢይዙ ከብዙ ክርክርና ከብዙ ጸጸት ይድናሉ።